የደረቀ ሶልደር ፔስት፦ የሚድነውና የማይድነው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የአየር ጠባይ ያያል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ጋቢውን ይደርባል። ጣርማ በርን አልፎ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ጨርሶ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው የቀወቷ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግን ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠዋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ በሸዋ ሮቢት የሞባይል ጥገና የሚሠራ ወጣት ነው እንበል። በቦርሳው ውስጥ ከአዲስ አበባ የገዛው 50 ግራም ሶልደር ፔስት አለ። ወጣቱ የይፋትን ቆላ ሙቀት ለምዶታል፤ ጋቢውን አውልቆ ይገላገላል። ፔስቱ ግን የሚያወልቀው ጋቢ የለውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣቱ የዕቃውን ክዳን ሲከፍት ያገኘው ለስላሳ ግራጫ ቅባት ሳይሆን እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነገር ነው። ይጣለው? አልኮል ጨምሮ ያማስለው? ወይስ እንዳለ ይጠቀምበት? ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም። በተበላሸ ፔስት የተበየደ መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ይሠራል፤ ከሳምንታት በኋላ፣ ደንበኛው ራቅ ወዳለ ቀበሌው ከተመለሰ ወዲያ ይለቃል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ስልክ ለብዙዎች የገንዘብ ቦርሳ ጭምር ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሶልደር ፔስት ለምን እንደሚደርቅ፣ የትኛው እንደሚድንና የትኛው እንደማይድን፣ ከሁሉም በላይ በቆላ አገር እንዴት መቀመጥ እንዳለበት እንመለከታለን። በጽሑፉ የምንጠቅሳቸው የሙቀት መጠኖች ሁሉ በዲግሪ ሴንቲግሬድ ናቸው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች

በገበያ ላይ «ፔስት» ተብለው የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስላሉ አስቀድመን እንለያቸው። የመጀመሪያው ቢጫ ወይም ቡናማ መልክ ያለው፣ ቅባት የሚመስል ነገር ነው። ይህ ፍለክስ ብቻ ነው፤ በውስጡ ብረት የለበትም። ሥራው የሚበየደውን ብረት ገጽ ከኦክሳይድ ማጽዳት ነው። ሁለተኛው ግራጫ መልክ ያለውና ለመጠኑ እጅግ ከባድ የሆነው ነው። የእኛ ርእሰ ጉዳይ ይህ ሲሆን በውስጡ ሁለቱንም፣ ማለትም ብረቱንም ፍለክሱንም፣ በአንድነት ይዟል።

ብረቱ ድቡልቡል ቅንጣቶች ያሉት ደቃቅ ዱቄት ነው። በአንደኛው ዓይነት ፔስት ውስጥ 63 በመቶው ቆርቆሮ፣ 37 በመቶው እርሳስ ሲሆን ይህ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ የእርሳስን አጠቃቀም ስለገደበ በዛሬዎቹ የስልክ ቦርዶች ላይ በብዛት የሚገኘው እርሳስ የሌለበት ቅይጥ ነው። ከእነዚህ የታወቀው 96.5 በመቶ ቆርቆሮ፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ ያለው ሲሆን መቅለጥ የሚጀምረው በ217 ዲግሪ ነው። ቆርቆሮና ቢዝመዝ ተቀይጠው የሚሠራው ሦስተኛ ዓይነት ደግሞ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል።

ፍለክሱም ራሱን የቻለ ድብልቅ ነው። ከፓይን ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ወይም ተመሳሳዩ፣ ኦክሳይድን የሚያጠቁ ደካማ አሲዶች፣ ድብልቁ እንዳይፈስ የሚያወፍሩ ነገሮች፣ እንዲሁም እነዚህን ሁሉ አሟሙቶ የያዘ አሟሚ ፈሳሽ አሉበት። የድርቀት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ አሟሚ ነው።

ሁለት ግራም ሲጎድል ለምን ድንጋይ ይሆናል?

ቀላል ስሌት እንሥራ። ከ50 ግራም የቆርቆሮና የእርሳስ ፔስት ውስጥ 90 በመቶው፣ ማለትም 45 ግራሙ፣ ብረት ነው፤ ቀሪው 5 ግራም ፍለክስ ነው። የቅይጡ እፍጋት በሴንቲሜትር ኩብ 8.4 ግራም ገደማ ስለሆነ 45 ግራሙ ብረት የሚይዘው ቦታ 5.4 ሴንቲሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነው። የፍለክሱ እፍጋት ከውኃ ጋር ስለሚቀራረብ 5 ግራሙ 5 ሴንቲሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። በክብደት አሥር በመቶ ብቻ የሆነው ፍለክስ በያዘው ቦታ ሲታይ ግማሽ ያህል ነው ማለት ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ሳይፋተጉ የሚንሸራተቱት በዚህ ፍለክስ ውስጥ ስለሚዋኙ ነው።

አሁን አሟሚው ይትነን። አንድ ግራም ሲጎድል የብረቱ የቦታ ድርሻ ከ52 በመቶ ወደ 57 በመቶ ያድጋል። ሁለት ግራም ሲጎድል ደግሞ 64 በመቶ ይደርሳል። ይህ ቁጥር በፊዚክስ የታወቀ ነው። እኩል መጠን ያላቸው ድቡልቡል ነገሮች በዘፈቀደ ሲታጨቁ ከቦታው 64 በመቶ ገደማ ከያዙ በኋላ እርስ በርስ ተደጋግፈው መንቀሳቀስ ያቆማሉ። በጆንያ ጢም ብሎ የታጨቀ እህል እጅን እንደማያስገባ ሁሉ ፔስቱም ማማሰያን አላስገባ ይላል። እንግዲህ ከ50 ግራም ሁለት ግራም፣ ማለትም 4 በመቶ ብቻ፣ መትነኑ ለስላሳውን ፔስት ወደ ድንጋይ ሊለውጠው ይበቃል። ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ ይህ ዓይነቱ ድርቀት የቦታ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ነው። የጎደለው ከተመለሰ ቅንጣቶቹ እንደገና ይዋኛሉ።

መድረቅ ሌላ፣ ማርጀት ሌላ

ሆኖም ፔስት የሚጠጥረው በትነት ብቻ አይደለም። ክዳኑ ተከፍቶ የማያውቅ፣ በሚገባ የታሸገ ፔስት ጠጥሮ ሲገኝ አሟሚው ወዴት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ፔስቱ አርጅቷል እንጂ አልደረቀም።

እርጅናን ለመረዳት የዱቄቱን የገጽ ስፋት እናስላ። አንድ ግራም ቅይጥ በአንድነት ቢድበለበል ዲያሜትሩ 6 ሚሊሜትር ገደማ፣ የገጽ ስፋቱም 1.2 ሴንቲሜትር ካሬ ያህል ይሆናል። በተለመደው ፔስት ውስጥ ያለ ቅንጣት ዲያሜትር ግን ከ25 እስከ 45 ማይክሮሜትር ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ በመሆኑ ይህ ቅንጣት ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ወርድ እንኳ ከ15 እጥፍ በላይ ያንሳል። አማካዩን 35 ማይክሮሜትር ብንወስድ አንዱ ግራም ለ5 ሚሊዮን ያህል ቅንጣቶች ይከፋፈላል። የገጽ ስፋታቸው ድምር 200 ሴንቲሜትር ካሬ ይደርሳል። ይህም የአንድ ኤ4 ወረቀት ገጽ ሢሦ ያህል ነው። ብረቱ ያው አንድ ግራም ነው፤ ለኦክሲጅንና ለአሲድ የተጋለጠው ገጹ ግን ከ170 እጥፍ በላይ ጨምሯል።

በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ ሁለት ነገሮች ይካሄዳሉ። አንደኛ፣ ከአየር የሚገባው ኦክሲጅን የቅንጣቶቹን የኦክሳይድ ሽፋን ያወፍራል። ሁለተኛ፣ በብየዳ ጊዜ ብቻ እንዲሠሩ የታሰቡት አሲዶች በዕቃው ውስጥ ሳሉ ቀስ በቀስ ከብረቱ ጋር ኬሚካዊ አጸግብሮት ያደርጋሉ። የአጸግብሮቱ ውጤት የሆኑት ጨዎች ፔስቱን ያወፍሩታል፤ አሲዱም ከብየዳው በፊት ያልቃል። እንዲህ ያረጀ ፔስት አሟሚ ቢጨመርበት ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ለስላሳነቱ ያታልላል። ሲሞቅ ቅንጣቶቹ በኦክሳይድ ቅርፊት ተሸፍነው ስለሚቀሩ በአንድነት ሊቀልጡ አይችሉም። የደረቀውን ማዳን ይቻላል፤ ያረጀውን ማለስለስ እንጂ ማደስ አይቻልም።

የቆላ ሙቀት ሒሳብ

ስዊድናዊው ኬሚስት ስቫንቴ አርሄኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 የሙቀት መጠንና የኬሚካዊ አጸግብሮት ፍጥነት ያላቸውን ዝምድና በቀመር አስቀምጧል። ከዚህ የሚወጣው ሻካራ የአሠራር ደንብ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የአጸግብሮቱ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ሶልደር ፔስት ከ0 እስከ 10 ዲግሪ እንዲቀመጥ ያዝዛሉ፤ በዚህ ሁኔታ 6 ወር የሚቆይ ብዙ ነው። ስለዚህ በ5 ዲግሪ 180 ቀን የሚቆየውን ብንወስድ በ15 ዲግሪ 90 ቀን፣ በ25 ዲግሪ 45 ቀን፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ 22 ቀን ያህል ይሆናል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ከምርት ምርትም ይለያያል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ክፍል በ15 ዲግሪ የተቀመጠ ፔስት በሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በ35 ዲግሪ ከተቀመጠው በአራት እጥፍ ቀስ ብሎ ያረጃል።

ጉዞውም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ የቆመ ተሽከርካሪ ውስጡ 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በዚሁ ደንብ መሠረት በዚያ ሙቀት ያለፈ አንድ ሙሉ ቀን በፍሪጅ ውስጥ ከሚያልፉ ሦስት ሳምንታት ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ ፔስት የያዘ መንገደኛ ዕቃውን ከመስኮት አጠገብ ወይም ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በልብስ ጠቅልሎ በቦርሳው መካከል ቢያደርገው ይመረጣል።

አቀማመጡ

ፍሪጅ ያለው ሰው ፔስቱን ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ያስቀምጥ። በበረዶ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ግን አያኑረው፤ ፍለክሱ ሊለያይ ይችላልና አብዛኞቹ አምራቾች አይመክሩትም። መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜው እንዲቆይ ውኃ የሞላባቸው ጠርሙሶች በፍሪጁ ውስጥ መኖራቸው ይረዳል። በሲሪንጅ የተሸጠ ከሆነ አፉ ወደ ታች ሆኖ ይቁም። በብልቃጥ ከሆነ የውስጠኛው ክዳን እስከ ፔስቱ ገጽ ወርዶ አየሩን ያስወጣ። በቦርድ ላይ ውሎ የተረፈ ፔስት ወደ ብልቃጡ ፈጽሞ አይመለስ።

ከፍሪጅ የወጣ ብልቃጥ ወዲያው አይከፈትም። ክፍሉ 30 ዲግሪ ሙቀትና 40 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ቢኖረው ከ15 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ማንኛውም ገጽ ጤዛ ይይዛል። 5 ዲግሪ ላይ የነበረ ፔስት በዚህ አየር ውስጥ ሲከፈት ውኃ ይጠጣል። ያ ውኃ በብየዳ ጊዜ በድንገት ፈልቶ የቀለጠውን ብረት ይረጫል። ስለዚህ እንደታሸገ በክፍሉ ውስጥ 4 ሰዓት ያህል ይቆይ፤ በእሳት ወይም በፀሐይ ማሞቅ አይገባም።

ፍሪጅ የሌለውስ? በጥላ ሥር የተቀመጠ እንስራ ውኃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ በቀወት የማያውቅ የለም። በሸክላው በኩል የሚወዛው ውኃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ ይህንኑ ዘዴ በመጠቀም አንዱን ሸክላ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት አትክልት የሚያቆይ ማቀዝቀዣ ሠርቷል፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስን ሽልማት ተቀብሏል። አየሩ 35 ዲግሪና 30 በመቶ እርጥበት ሲኖረው በትነት ሊደረስበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት 22 ዲግሪ ገደማ ነው። በተግባር 25 ዲግሪ ቢገኝ እንኳ የፔስቱ ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል። ሆኖም በሸክላው ውስጥ እርጥበት ስለሚኖር ብልቃጡ በሚገባ ታሽጎ በፕላስቲክ ከረጢት መታሰር አለበት። በክረምት፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን፣ የሸክላው ጥቅም ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ግን በትንሹ መግዛት ነው። ሁለት ሦስት ጠጋኞች ተባብረው ገዝተው አዲስ ሳለ በትንንሽ ሲሪንጆች ቢከፋፈሉት እያንዳንዱ የሚከፍተው የራሱን ብቻ ይሆናል። ያለ ፍሪጅ እንዲቆዩ ተደርገው የሚሠሩ ፔስቶችም ስላሉ በመግዣ ጊዜ መለያ ወረቀቱን ማንበብ ይጠቅማል።

የማዳኑ ሥራ

የትነቱን መጠን ለማወቅ የሚያስችል አንድ ቀላል ልማድ አለ፤ እርሱም መመዘን ነው። ፔስቱ እንደተገዛ ከነብልቃጡ በወርቅ ሚዛን መዝነን ክብደቱን በክዳኑ ላይ እንጽፋለን። ከተጠቀምንበት በኋላም እንደገና መዝነን እንጽፋለን። ከወር በኋላ ፔስቱ ጠጥሮ ስናገኘው ክብደቱ 1 ግራም ከቀነሰ የተነነው 1 ግራም ነው፤ የምንመልሰውም ከዚያ አይበልጥም። ምንም ሳይቀንስ ከጠጠረ ግን ያረጀ ነውና አንደክምበትም።

የደረቀው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይታከማል። አንደኛ፣ የላይኛው ቅርፊት ከአየር ጋር የተገናኘው ስለሆነ ተነሥቶ ይወገዳል፤ ከዚያም ዕቃው በድጋሚ ይመዘናል። ሁለተኛ፣ የቀረው በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ማማሰያ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይማሰላል፤ አንዳንዴ ፍለክሱ ከላይ ተንሳፎ ብቻ ይገኛልና ሌላ ነገር ላያስፈልግ ይችላል። ሦስተኛ፣ አምራቹ ያዘጋጀው ማቅጠኛ ካለ እርሱ፣ ከሌለ ከፔስቱ ጋር የሚስማማ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ዝልግልግ ፍለክስ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ለ50 ግራም በአንድ ጊዜ ከግማሽ ግራም በላይ አይጨመርም፤ እየተማሰለ ይታያል።

አይሶፕሮፒል አልኮልስ? ያለሰልሳል፤ ግን በ82 ዲግሪ የሚፈላ በመሆኑ በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ፔስቱን እንደነበረ ይተወዋል። ሳይተን ከተሞቀ ደግሞ ፈልቶ ብረቱን ይረጫል። ሌላ ከጠፋ ለልምምድ ሥራ ብቻ፣ ከመሞቁ በፊት እስኪተን እየተጠበቀ፣ ሊያገለግል ይችላል። ናፍጣ፣ ላምባና ለቆርቆሮ ብየዳ የሚውለው ዚንክ ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ግን ፈጽሞ አይጨመሩም፤ የመጨረሻው የቦርዱን የመዳብ መስመሮች ቀስ በቀስ ይበላቸዋል።

የሲኒ ስባሪው ፈተና

የለሰለሰው ፔስት መዳኑን የሚነግረን መልኩ ሳይሆን መቅለጡ ነው። በኢንዱስትሪው የታወቀ ፈተና አለ፤ እኛም በሲኒ ስባሪ ልንሠራው እንችላለን። የቀለጠ ብረት በሸክላ ገጽ ላይ ስለማይጣበቅ፣ ቅንጣቶቹ ንጹሕ ከሆኑ በገጽ ውጥረት ተሰብስበው አንድ ድቡልቡል ኳስ ይሆናሉ። የማሾ ፍሬ የምታህል ፔስት በንጹሕና ደረቅ የሲኒ ስባሪ ላይ እናደርጋለን። ከዚያም ቅይጡ ከሚቀልጥበት ሙቀት ከ25 እስከ 50 ዲግሪ ከፍ እስኪል ከሥሩ ቀስ በቀስ እናሞቃለን።

አንድ ኳስ ብቻ ከሆነ፣ በዙሪያውም ንጹሕ ፍለክስ ከቀረ፣ ፔስቱ ድኗል። በዋናው ኳስ ዙሪያ ብዙ ደቃቅ ኳሶች እንደ አሸዋ ከተበተኑ ኦክሳይዱ ከፍለክሱ አቅም በላይ ሆኗል። ጭራሽ ሳይሰበሰብ ግራጫ ጓል ሆኖ ከቀረ አብቅቶለታል። እርሳስ የሌለበት ቅይጥ በተፈጥሮው ደብዘዝ ያለ ስለሆነ በብርሃኑ ሳይሆን በኳሱ ብዛት እንፍረድ። ለማረጋገጫም በአሮጌ ቦርድ የመዳብ ገጽ ላይ ጥቂት እናቅልጥ፤ ጥሩው ተዘርግቶ ይለጠፋል፣ መጥፎው ተሸብልሎ ይቆማል።

ፈተናውን ያለፈ የዳነ ፔስትም ቢሆን ቦታውን ይወቅ። ለትምህርት ቤት ልምምድ፣ ለሽቦና ለሰፋፊ መጋጠሚያዎች ያገለግላል። ለደንበኛ ስልክ አይሲ ግን አዲሱ ይሁን። መጋጠሚያው ቢለቅ የሚከፍለው ጠጋኙ ብቻ አይደለምና።

ጤናን ስለመጠበቅ

እርሳስ መርዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል። ስለሆነም ፔስት ምግብ ካለበት ፍሪጅ መቀመጥ አይገባውም፤ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ግን በሁለት የታሸጉ ዕቃዎች ውስጥ ሆኖ ምንነቱ ይጻፍበት። ከሥራ በኋላ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይገባም። የሙጫው ጭስ አስም ሊያስከትል ስለሚችል መስኮት ይከፈት። ለፈተና የዋለው ሲኒ ወደ ረከቦት አይመለስ። የተበላሸ ፔስትና ቅርፊቱ በሮቢ ወንዝ ዳርም ሆነ በማሳ አይጣል፤ በታሸገ ዕቃ ተጠራቅሞ አደገኛ ቆሻሻን ለማስወገድ ኃላፊነት ላለው አካል ይሰጥ። አገራችን በ2010 ዓ.ም. ያወጣችው የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅም ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ መሠረት ነው።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፣ ከላይ ካየነው የገጽ ስፋት ስሌት አንድ ተጨማሪ ምክር ይወጣል። የሶልደር ሽቦ ከፔስት ጋር አንድ ዓይነት ቅይጥ ሆኖ ሳለ ለዓመታት የሚቆየው ገጹ ጠባብ ስለሆነና ፍለክሱም በውስጡ ተዘግቶ ስለሚኖር ነው። በቆላ የሚሠራ ሰው በሽቦ የሚሠራውን ሁሉ በሽቦ ቢሠራ፣ ፔስትን ለማይቀርለት ሥራ ብቻ በትንሹ ቢይዝ ከብዙ ድካም ይድናል። የሸዋ ሮቢቱ ወጣትም በሚቀጥለው ጉዞው ከ50 ግራም ይልቅ 10 ግራም ይግዛ፤ ክብደቱንና ቀኑን በክዳኑ ላይ ይጻፍ፤ ከሱቁም ጥግ አንድ እርጥብ ሸክላ ያኑር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።